በአዲስ አበባ አየር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ብናኞች ከየት ይመጣሉ?

አስም፣ የልብ ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አየሩ ተበክሏል ሲባል በር ዘግተው ቤት መቀመጥን ይመርጣሉ። ይህ የሚረዳው ብናኙ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ነው።

ረቂቅ ብናኝ የምንለው ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ነው። በዓይን የሚታየው የመንገድ አቧራ አብዛኛው ከዚህ የገዘፈ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ረቂቁ ግን እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል፤ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በአዲስ አበባ የሚለካው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ምንጩን ለመለየት ተመራማሪዎች አየሩን በማጣሪያ ያሳልፉና የቀረውን በላቦራቶሪ ይመረምራሉ። እንጨት ሲነድ ሌቮግሉኮሳን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። ሲሊኮንና አሉሚኒየም ከበዛ አፈር ነው። ጥቀርሻ ግን ከናፍጣ መኪናም ከማገዶም ስለሚመጣ ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል፦ ጠዋትና ማታ መኪና ይበዛል፣ ምድጃም ይነዳል፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ጭሱን መሬት አጠገብ ይይዘዋል።

ዋናዎቹ ምንጮች ያረጁ መኪኖች፣ ማገዶና ከሰል፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ ፋብሪካና አፈር ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ መንገድ ላይ ያሉት ግን አሁንም ይሠራሉ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ አቧራውን ያስተኛል፤ ሆኖም በር ተዘግቶ ከሰል የሚነደው ያኔ ነው።

ታካሚዎቼን ቤት ውስጥ ምን እንደሚነድ ስጠይቅ «ከሰል ብቻ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ረቂቅ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያወጣል። ለቡና የሚጨሰው ዕጣንም ብናኝ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የጀመረበትን ሰዓት፣ የነበሩበትን ቦታና በአቅራቢያዎ ይነድ የነበረውን ይጻፉ፤ ለሐኪምዎም ያሳዩ። ከቤት ሲወጡ የሚሻልዎ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምድጃው ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቡናውም ቢቻል በረንዳ ላይ ይፈላ፤ መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከጭሱ ይራቁ። ሕመሙ የሚብሰው ታክሲ ተራ ወይም ዋና መንገድ ላይ ከሆነ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ጭምብል ይጠቅማል፤ ነጠላ መሸፈን ረቂቁን ብናኝ አያስቀርም። በሐኪም የታዘዘ የአስም መድኃኒት አየሩ ጥሩ ነው ተብሎ አይቋረጥም።

ትንፋሽ አጥሮ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ደረት ላይ ከባድ ሕመም ከተሰማ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሰል በነደደበት ቤት ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው መንስኤው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥተው ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።