የወጨጫ ጽድ

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። በተራራው ጎን የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ የአዛዡን ስም ይዟል፤ ዘሩን ተሸክሞ ያመጣውን፣ ቆፍሮ የተከለውንና ችግኙን ከከብት የጠበቀውን ገበሬ ግን አያወሳም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለማገዶና ለቤት ሥራ ሲባል የዙሪያዋ ደን ተመናመነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ የመጣውም ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር። የሱባ ደን ግን በጥበቃ ተረፈ።

ዛሬ በደኑ ውስጥ የሚያድር እንግዳ ጽዱንና ዝግባውን፣ ጉሬዛውንና የምኒልክ ድኩላን ሲያይ የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ይመስለዋል። ነገር ግን ያደረበት ጥላ የብዙ ትውልድ ድካም አለበት። እንግዲህ ደኑን መጠበቅ ስማቸው ላልተጻፈ ሠራተኞች የሚከፈል ዕዳ ነው።