የሐይቅ ባሕር ዓሦች፤ ከአምባዛ እስከ ቆሮሶ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል፤ ከከተማዋም አጠገብ ስሟን ያወጣላትን ውኃ ያያል። አገሬው ሎጎ ብሎም የሚጠራው ይህ ባሕር በታሪክ የታወቀው በእስጢፋኖስ ገዳምና በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ባስፋፉት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ መነኮሳቱና ስለ መጻሕፍቱ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ስላሉት ዓሦች እንናገራለን። ለዚህም ያነሣሣን በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ የባሕሩ ተወላጅ የሚመስለው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለ ሐይቅ ዓሣ ከጥንት ጸሐፊዎች በግልጽ የነገረን ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። የእስጢፋኖስን ገዳም በደሴት ላይ አገኘው፤ ያ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በውኃው ውስጥ ትልልቅ አውሬዎች እንዳሉ ሲጽፍ የራሳችንን ቃል ወስዶ ጉማሬ ይላቸዋል። ቀጥሎም ስለ አንድ ዓሣ ያወራል፤ አካሉ እንደ እባብ የረዘመና የለሰለሰ፣ ራሱ ትልቅና እጅግ አስቀያሚ ሲሆን፣ ሥጋው ግን ስብ የበዛበትና በጣም የሚጣፍጥ ነው ይላል። ይህን መልክ ያነበበ ሰው አምባዛን ከማሰብ በቀር ሌላ የሚያስበው የለም። እንግዲህ ከ500 ዓመት በፊት እንግዳውን ያስደነቀው ዓሣ አምባዛ ነበር ማለት ነው፤ ስለ ቆሮሶ ግን በአልቫሬዝ ገለጻ ውስጥ አንድም ነገር የለም።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት መብላት በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ተከለከለ፣ በአገራችን ይህን ሥርዓት የሚጠብቁ ብዙ ክርስቲያኖች አምባዛን አይቀምሱም። ፖርቱጋላዊው ያመሰገነው ምግብ በባሕሩ ዳር ለሚኖረው ሁሉ ምግብ ሳይሆን የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ቆሮሶ ግን ክንፍም ቅርፊትም አለው።

ከአልቫሬዝ በኋላ ብዙ ዘመን እናልፋለን። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች፣ ኋላም በ1970 ባክስተርና ጎሎቢትሽ ውኃውን መርምረው ጽፈዋል። ከነዚህ ጽሑፎች የምንረዳው ባሕሩ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለውና በምድር ላይ የሚታይ መውጫ እንደሌለው ነው። ውኃውም እጅግ የጠራ ነበር፤ የጥራት መለኪያ የሆነው ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ ሲወርድ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታይ ነበር።

በ1978 ቆሮሶ ወደ ሐይቅ ገባ። ይህ ዓመት ከ1973ቱ የወሎ ረሀብ በኋላ፣ ከ1984ቱም በፊት ነው። ረሀብ በሁለት በኩል በከበበው አገር ላይ ዓሣ መጨመርን ማንም የሚነቅፈው አይመስለንም፤ እኛም አንነቅፈውም። ልናስተውለው የሚገባው ግን ዓሣውን ማን ይመግበው እንደ ነበረ ነው። በሜዲትራንያን ባሕር በመረብ ጎጆ የሚረባው ሲባስ ሥጋ በል ስለ ሆነ ከሌላ ዓሣ የተሠራ መኖ በየቀኑ ይሰፈርለታል፤ መኖው ገንዘብ ስለሚያስወጣ ባለቤቱ እያንዳንዱን ኪሎ ይቆጥራል። ለሐይቅ ቆሮሶ ግን መኖ የሰፈረለት ሰው አልነበረም፤ የመገበው ባሕሩ ነው። ስለዚህም ሒሳቡን የያዘ አልተገኘም።

ሒሳቡ የታየው በ1992 ነው። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ቴይለርና ዝናቡ ገብረ ማርያም ባሳተሙት ጥናት፣ ያ ነጭ ሰሌዳ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ከዓይን ይሰወር ነበር። ውኃው በጥቃቅን አረንጓዴ አልጌ ተሞልቶ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ይተረጎማል፦ በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት አልጌን እየበሉ ውኃውን ያጠሩት ነበር፤ ጫጩት ቆሮሶ ደግሞ እነዚህን እንስሳት ይበላል። በላተኛው ሲጠፋ አልጌ በዛ። ትልቁ ቆሮሶ ራሱ አልጌ ቢበላም፣ ከበላው ብዙው በኩስ መልክ ተመልሶ አልጌን ያዳብራል። በእርግጥ ከተራቆተው ኮረብታ በዝናብ የሚታጠበው አፈርም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱን ሁሉ በዓሣው ላይ መጫን አይገባም።

አልጌ መብዛቱ ለመልክ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። የሞተ አልጌ ወደ ጥልቁ ወርዶ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይጨርሳል። በብርድና በነፋስ ወራት የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ቢገለበጥ ዓሣው ታፍኖ ሊያልቅ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ እልቂት መውጫ በሌላቸው ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የሚፈራ ነው።

ለበላተኛውም ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለን። በአገራችን ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ኮንትራሲኩምና ክሊኖስቶሙም የሚባሉ ትሎች ይገኛሉ። የሁለቱም ኑሮ ከዓሣ በል ወፎች ጋር የተሳሰረ ነው፤ የሁለተኛው እንቁላል ከወፍ ወደ ውኃ ወርዶ በቀንድ አውጣ በኩል ወደ ዓሣ ይደርሳል። ወፎቹን ከባሕሩ ማባረር አይቻልም፤ ዓሣውን ግን በሚገባ ማብሰል ይቻላል፤ ትሉም በእሳት ይሞታል። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወዱ ወዳጆቻችን ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ቢኖርም፣ በዚያ ወራት ፈላጊው እንደሚበዛ ግልጽ ነው፤ ወራቱም ሞቃት ነው። ያለ በረዶ ከሐይቅ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ ዓሣ ትል ባይኖርበትም በመንገድ ይበላሻል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው በ2003 ነው፤ ቆሮሶ ወደ ሐይቅ ከገባ ከ25 ዓመት በኋላ። ዛሬ ካርፕም በባሕሩ ውስጥ ይገኛል። በሐይቁ ላይ የመረብ ጎጆ ሠርቶ ዓሣን በመኖ ማርባት ይጀመር የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ኪሎ ዓሣ ይወጣል የሚለው አይደለም። በመኖው ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ስንት ነው፣ ከዓሣው ጋር የሚወጣውስ ስንት ነው፣ መውጫ በሌለው ውኃ ውስጥ በየዓመቱ የሚቀረውስ ስንት ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት ያ ነጭ ሰሌዳና አንድ ገመድ በየወሩ ወደ ውኃው ቢወርዱ ወጪው ከአንድ የጀልባ ኪራይ አይበልጥም።