አልገባም ያለው ሰው

በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ ፓውል ሐሪስ የተባለ ጠበቃ ነበረ። የከተማይቱ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሲሆን፥ እርሱ ግን ያደገው በትንሽ መንደር ነበርና ወዳጅ በማጣት ብቸኝነት ተሰማው። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓመት በየካቲት 23 ቀን ከአንድ የማዕድን መሐንዲስ፥ ከአንድ የከሰል ነጋዴና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋራ ተሰብስቦ ማኅበር ጀመረ። ስብሰባውም በየተራ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ስለ ነበረ ማኅበሩ ሮታሪ ተባለ።

ከየሙያው አንድ ሰው ብቻ ይገባ ነበርና፥ አባሎቹ እርስ በርሳቸው እየተገበያዩ ተጠቀሙ። በ1906 ግን ዶናልድ ካርተር የተባለ ጠበቃ እንዲገባ ቢለምኑት፥ ማኅበሩ ከአባሎቹ አልፎ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ሥራ የለውም ሲል እንቢ አለ። ማኅበርተኞቹም ነቀፌታውን እንደ ስድብ ሳይቈጥሩ፥ ለከተማይቱ ጥቅም መሥራትን በደንባቸው ጨመሩ፤ እርሱም ገባ። ከዚህ በኋላ በሺካጎ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ደከሙ። በ1908 ሁለተኛው ማኅበር በሳን ፍራንሲስኮ ቆመ፤ በ1910ም 16 ማኅበሮች ተባበሩ።

ነገር ግን ሴቶች አይገቡም የሚለው ደንብ ብዙ ዘመን ጸና። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ በ1989ም ማኅበሩ ደንቡን ለወጠ።

የካርተርን ቃል በፈቃዱ ሰምቶ ሰፋ፤ የሴቶችን ግን በፍርድ ተገድዶ ሰማ። ማኅበር እንዲበዛ የሚወድ ሰው፥ በደጅ የቆመው ስለ ምን እንዳልገባ አስቀድሞ ይጠይቅ።