ለቀምት 5 ማለት ምን ማለት ነው? የወለጋ ቡና እና የጥራት ቁጥጥር ታሪክ

ጃፓን ውስጥ ቡና የሚቆሉ ሱቆች ከሚሸጧቸው ቡናዎች መካከል «ሞካ ለቀምቲ» የሚባል አለ። ጃፓናዊው ጠጪ ስሙን የቡና ዘር ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እኛ ግን እናውቀዋለን፤ ለቀምት የነቀምቴ የድሮ አጠራር ነው። ከተማዋ ነቀምቴ ከተባለች ቆይታለች፣ ቡናው ግን እስካሁን በድሮ ስሙ ዓለምን ይዞራል። በነጋዴዎች ወረቀት ላይ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥርም አለ፦ ለቀምት 4፣ ለቀምት 5።

ስሙ የቦታ ስም ነው። ቁጥሩስ ከየት መጣ? ማን ሰጠው? ለገበሬውስ ምን ይነግረዋል? እስቲ ጥያቄውን ይዘን ወደ ጉቴ እንሂድ። ጉቴ ከነቀምቴ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ዋና ከተማ ናት።

በዓይን፣ በጥርስ፣ በአፍንጫ

የወለጋ ቡና ወደ ውጭ መውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ባሮ ወንዝ እየወረደ፣ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር።

ያኔ የጥራት መሣሪያው የነጋዴው አካል ነው። ፍሬውን በእጁ ያፍሳል፣ ያሸታል፣ መድረቁን ለማወቅ በጥርሱ ይነክሳል። ይህ እውቀት የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሁለት ነጋዴ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል፣ ፈራጁም ራሱ ገዢው ነው። ገበሬው «ቡናዬ ጥሩ ነው» ቢል የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

300 ግራም

እ.ኤ.አ. በ1957 የኢትዮጵያ ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ። የቡና ጥራትን መቆጣጠር የመንግሥት ሥራ እየሆነ መጣ። በንግዱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የደረጃ አሰጣጥ ሐሳቡ ቀላል ነው። 300 ግራም ቡና ትመዝናላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፋላችሁ፣ ጉድለት ትቆጥራላችሁ። አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ አንድ ጉድለት ነው። የተሰባበረ ከሆነ ግን አምስቱ ተደምሮ እንደ አንድ ይቆጠራል። ድምሩ እስከ 3 ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 12 ደረጃ 2፣ ከ13 እስከ 25 ደረጃ 3፣ ከ26 እስከ 45 ደረጃ 4፣ ከ46 እስከ 100 ደረጃ 5።

ለቀምት 5 ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ወደ 2,000 ከሚጠጉ ፍሬዎች ውስጥ ከ46 እስከ 100 ጉድለት የተቆጠረበት የወለጋ ቡና። አሁን ገበሬውም፣ አዲስ አበባ ያለው ላኪም፣ ቶኪዮ ያለው ገዢም አንድ ቋንቋ አላቸው።

ግን 300 ግራሙ ከየትኛው ጆንያ ተቀዳ? 100 ጆንያ የጫነ መኪና መጣ እንበል፣ ከመቶው አሥሩ የተበላሸ ነው። አምስት ጆንያ ብቻ ወግታችሁ ናሙና ብትወስዱ፣ አንዱም የተበላሸ ሳይነካችሁ የማለፉ ዕድል ወደ 58 ከመቶ ነው! ሃያ ጆንያ ከወጋችሁ ግን ወደ 10 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ናሙና አወሳሰድ የመጋዘን ሠራተኛ ተራ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የገበሬው ዋጋ ግማሽ እዚያ ይወሰናል።

ስም የሌለው ስኒ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቡና ገባበት። ቡናው ወለጋ ውስጥ ጊምቢን በመሳሰሉ መቀበያ ማዕከላት ናሙና ይወሰድለታል። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለስኒው ነው። ቀማሾቹ የሚደርሳቸው ናሙና ኮድ እንጂ ስም የለውም። የማን ቡና እንደሆነ ካላወቅህ ለወዳጅህ ልታደላ አትችልም። ከነጋዴው ጥርስ እስከዚህ ድረስ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፈራጁ ከገዢው ተለየ።

ጆንያው የተናገረው

በዚያው በ2008 ሌላ ነገር ተከሰተ። ጃፓን ውስጥ ሲመረመር በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ ወደነበረችው ጃፓን የሚሄደው ቡና ክፉኛ ቀነሰ። ነገሩ ግራ ያጋባ ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ቡናው ላይ ኬሚካል አይረጭም። ጥርጣሬው በኋላ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ተበከለ ጆንያ አመራ።

እስቲ አስቡት፤ ጉድለት ቆጣሪው አልተሳሳተም። ቀማሹም አልተሳሳተም። ኬሚካሉ ፍሬውን አያጠቁርም፣ በምላስም አይያዝም። ምርመራ የሚነግራችሁ የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። ስለ ጆንያው ማንም አልጠየቀም ነበር።

የአንድ ገጽ ወረቀት

ይህን ችግር ኢንጂነሮች ቀድመው ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ የስልክ ዕቃ በሚያመርተው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሹዋርት ሜይ 16 ቀን 1924 ለአለቃው አንድ ገጽ ያህል ማስታወሻ ጻፈ። በውስጡ ትንሽ ሥዕል ነበረበት፤ የመጀመሪያው የቁጥጥር ቻርት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ያለቀውን ዕቃ እየለዩ መጣል ብቻ አይበቃም፣ አሠራሩን ተከታተሉ። የትኛውም አሠራር ከቀን ቀን ትንሽ ይዋዥቃል። ከልማዱ ዘሎ ሲወጣ ግን ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ፈልጉ።

ይህን ሐሳብ ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ አስተማረ። ጃፓኖች ከራሳቸው ልምድ ጋር አዋሕደው ያሳደጉት አሠራር ካይዘን በሚለው ስም ወደ እኛ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራው ተጀመረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ነገሩ ያስገርማል፦ ቡናችንን መርምራ የመለሰችው አገር፣ ከምርመራ በፊት ስላለው ሥራ የምታስተምረንም ሆነች።

ወደ ጉቴ ስንመለስ

በጉቴ ዙሪያ ቡና የሚያደርቅ አንድ ገበሬ በሐሳባችን እንያዝ። የወለጋ ቡና በአብዛኛው ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። እሸቱ ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፣ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ መጋዘን ሲደርስ ግን የፍሬው እርጥበት ከ11.5 ከመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። በዚህ መሀል ሳምንታት አሉ፣ ጥራቱ የሚሠራውም የሚበላሸውም በእነዚያ ሳምንታት ነው። ጥቁሩ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከመሬት የተለቀመ ነው። የጎመዘዘው ክምር ላይ ያደረ ነው። የአፈር ሽታ ያለው ደግሞ በሽቦ አልጋ ፋንታ መሬት ላይ የተሰጣ ነው። ቀማሹ ይህን ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፣ ሊጠግነው ግን አይችልም።

ታዲያ የሹዋርት ቻርት እዚህ ምን ይሠራል? ገበሬው በየቀኑ ከለቀመው 100 ፍሬ ቆጥሮ ስንቱ ያልቀላ እንደሆነ ደብተር ላይ ይጻፍ። አማካዩ 8 ቢሆን፣ ስሌቱ እስከ 16 ድረስ ያለው ተራ መዋዠቅ ነው ይለናል። አንድ ቀን 11 ቢሆን መቆጣት አያስፈልግም። 19 ከሆነ ግን የሆነ ነገር ተቀይሯል፦ አዲስ ለቃሚ መጥቶ ይሆናል፣ ዝናብ ፈርተው ተጣድፈው ይሆናል። ይህን ያወቀው በዚያው ቀን ማታ ነው፤ ቡናው ጊምቢ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ደረጃ እስኪወጣለት አልጠበቀም።

ያለፈው ሥርዓት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የብዙ ወረዳ ቡና ለቀምት በሚል አንድ ስም ሲሸጥ ገዢው ከደረጃው በስተጀርባ ያለውን ማሳ አያይም፣ ገበሬውም ነጥቡን አይሰማም። ሽቦ አልጋ የሠራውና መሬት ላይ ያሰጣው ጎረቤቱ በአንድ ጆንያ ውስጥ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሰሉ ዩኒየኖች በቀጥታ መላካቸው፣ በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅም ለቀጥታ ሽያጭ በር መክፈቱ ይህን ርቀት ያሳጥራል።

ግን ሕግ ብቻውን ነጥቡን ወደ ጉቴ አያመጣውም። ቁጥር ወደ ላይ ብቻ ከሄደ የዋጋ መቁረጫ ነው። ወደ ሠራው ሰው ሲመለስ ነው የጥራት መሣሪያ የሚሆነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ለቀምት 5» የሚል ስታዩ ለምን 5 እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ። ምክንያቱን ለገበሬው የነገረው ሰው አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ።