የውሻ ቆዳ አለርጂና የእርጥበት ቅባቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ የአራት ዓመት ውሻቸውን በመኪና ጭነው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ቦቢ ይባላል፤ የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ነው። ብብቱና ሆዱ ፀጉር አልባ ሆኗል፤ የእግሮቹ ጣቶች መካከል ከመላስ ብዛት ቀልቷል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የግቢው ዘበኛ «ለእከክ ፍቱን ነው» ብሎ የለቀለቀው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይታያል። «ዶክተር፣ ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ። ሳይተላለፍባቸው በመርፌ ይገላገልልኝ» አሉኝ።

መዝገቡን ሳገላብጥ ይኸው ውሻ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ለማሳከክ ተብሎ የስቴሮይድ መርፌ ተወግቷል። ሁለቱን የወጋሁት እኔ ራሴ ነኝ። መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ከዚያ ችግሩ ይመለሳል። ሲደጋገም ደግሞ ውሃ አብዝቶ መጠጣትን፣ ሽንት ማብዛትን፣ የማይጠግብ ሆድን፣ የቆዳ መሳሳትንና ለኢንፌክሽን መጋለጥን ያመጣል። ቦቢም ያለ ልክ ወፍሮ ነበር።

በመጀመሪያ እከክ አለመሆኑን ማጣራት ነበረብን። ከቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተባይ አልተገኘም። ሆኖም ሳርኮፕተስ የተባለው የእከክ ተባይ ብዙ ጊዜ ከምርመራ ስለሚሰወር፣ ጥርጣሬ ሲኖር ባይታይም የሙከራ ሕክምና መስጠት የተለመደ ነው፤ ሰጠነው፤ ለውጥ አላመጣም። እከክ በአብዛኛው የጆሮ ጠርዝንና ክርንን ይመርጣል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የቁንጫ አለርጂ ወገብና የጅራት ሥር ላይ ይበረታል። የቦቢ ማሳከክ ግን መዳፍ፣ ብብት፣ ሆድና ጆሮ ላይ ነው፤ የጀመረውም በሁለት ዓመቱ ነው። ይህ አቶፒክ ደርማታይተስ የሚባለው አለርጂ የተለመደ መልክ ነው። ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ የአበባ ብናኝና ሻጋታ ይቀሰቅሱታል። ወደ ሰው አይተላለፍም። (የምግብ አለርጂም ይህንኑ ሊመስል ይችላል፤ የሚለየው ቢያንስ ለስምንት ሳምንት ቀድሞ በልቶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ በመስጠት ነው።)

ቅባት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳን ያስቡ። እንጨቱ ብቻውን ነፋስ አያግድም፤ ክፍተቱን የሚደፍነው ምርጊቱ ነው። በቆዳ የላይኛው ሽፋን ውስጥ የሞቱት ሴሎች እንጨቱ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ምርጊቱ ነው። ከስቦቹ ዋነኛው ሴራማይድ ይባላል፤ አቶፒክ በሆኑ ውሾች ቆዳ ላይ መጠኑ ከጤነኞቹ ያነሰ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ምርጊቱ ሲረግፍ ከውስጥ ውሃ ይተናል፣ ከውጭ አለርጂ ቀስቃሹና ባክቴሪያው ይገባል። ውሻው ሲያክ ደግሞ የቀረውን ምርጊት ይፍቀዋል። የእርጥበት ቅባት አለርጂውን አያድንም፤ ግድግዳውን ይመርጋል እንጂ።

ቅባት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ግሊሰሪን ውሃ ይዞ ያቆያል። ቫዝሊን ውሃው እንዳይተን ላዩን ይከድናል። ሴራማይድና የሰባ አሲድ ያለባቸው ለውሻ ተብለው የተሠሩ ቅባቶች፣ ስፕሬዮችና ጠብታዎች የጎደለውን ስብ ለመተካት ይሞክራሉ፤ ከተገኙ የተሻሉት እነሱ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከፋርማሲ በቀላሉ በሚገኘው ሽታ የሌለው ግሊሰሪን የማስጀምረው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጦ በመርጫ ጠርሙስ መያዝ። ሳይቀጠን መቀባት አይገባም። ብጥብጡ ባክቴሪያ ስለሚያበቅል በየሁለት ሦስት ቀኑ ተደፍቶ እንደገና ይዘጋጅ። ቫዝሊን ለተሰነጠቀ መዳፍና ለክርን በስሱ ቢቀባ ጥሩ ነው፤ ብብትና የቆዳ እጥፋት ውስጥ ግን ሙቀትና እርጥበት አፍኖ እርሾ መሰል ፈንገስ እንዲራባ ያመቻል። ቅቤም ከዚያ ወገን ነው፤ ደግሞስ ቅቤ የተቀባ ውሻ ቅቤውን እስኪጨርስ መላሱን ይተዋል?

ከቅባቱ ዓይነት ይበልጥ የሚቀባበት ሰዓት ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ውሻው ይታጠብ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ። ሙቅ ውሃ ማሳከክን ያብሳል። የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያዘነበለ ሲሆን የውሻ ግን ወደ ገለልተኛነት የቀረበ ነው፤ ስለዚህ የሰው ሻምፑ አይስማማውም፤ የልብስና የዱቄት ሳሙና ጭራሽ አይታሰብም። የውሻ ሻምፑ ካልተገኘ፣ ስኳርም ሆነ ማጣፈጫ ያልገባበት አጃ እንደ ዱቄት ልሞ ለብ ባለ ውሃ ይበጥበጥና ውሻው ለአሥር ደቂቃ ያህል ይዘፍዘፍበት። ልመቱን ለማወቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ ውሃው ወተት ከመሰለ ደርሷል፤ ከታች ከዘቀጠ እንደገና ይፈጭ። ከዚያ በፎጣ ሳይታሽ ውሃው ተጫን ተጫን ተደርጎ ይነሳለት፤ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለም ፀጉሩን ከፈል እያደረጉ ቅባቱን ቆዳው ላይ ያድርሱ። ፀጉሩን ብቻ ማራስ ምንም ጥቅም የለውም። ወዲያው ምግብ ይስጡት ወይም ለሩብ ሰዓት ያንሸራሽሩት፤ እስኪመጥለት ድረስ መላሱን ይረሳል። በመሀል ባሉት ቀናት ያለ ገላ መታጠብ ስፕሬዩን ብቻ መንፋት ይበቃል።

ውሻ የተቀባውን ሁሉ እንደሚበላው አድርጎ ማሰብ ይሻላል። ለሕፃናት የዳይፐር ሽፍታ የሚሸጡት ዚንክ ያለባቸው ክሬሞች ሲላሱ ያስመልሳሉ፣ ቀይ የደም ሴልንም ሊያፈርሱ ይችላሉ። ለሰው ሶሪያሲስ የሚታዘዘው ካልሲፖትራዮል፣ እንዲሁም ፍሎሮዩራሲል ያለበት ክሬም በትንሽ መጠን እንኳ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። የቲ ትሪ ዘይትም መርዝ ነው። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉት የሰው ክሬሞች ደግሞ እርጥበት ሰጪ አይደሉም፤ ከመርፌው ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ስቴሮይዶች ናቸው።

ቅባትን ከልክ በላይ ማሞገስ አልፈልግም። የእንስሳት አለርጂ በሽታዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሻሻለው መመሪያ ውሻውን ማጠብን የሕክምናው አካል አድርጎታል፤ ቆዳ ላይ ስለሚቀቡ ስቦች ግን ያሉት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው። ክፉኛ የሚያሳክከው ውሻ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፕሬድኒሶሎን እንክብል በሐኪም ቁጥጥር በዝቅተኛ መጠን ሲሰጥ፣ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ከሚቆየው መርፌ ይሻላል፤ መጠኑን መቀነስ ይቻላልና። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ውሻ ግን በድንገት እንዲያቆም አይደረግም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦክላሲቲኒብም ማሳከክን ቶሎ ያስቆማል። ቆዳው ከሸተተ፣ ከቀባ ወይም መግል ከያዘ ደግሞ ቅባቱን ትቶ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑን ማሳከም ነው።

ለቦቢ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱ በእንስሳ ሻምፑ ደጋግሞ ታጠበ፤ ቀጥሎ ኢንፌክሽኑ ታከመ፤ ከዚያ እንክብል፣ በየሳምንቱ የአጃ ውሃና ግሊሰሪን። ቅባቱን የመንፋት ሥራ የወሰደችው የቤቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። በሁለተኛው ወር ሆዱ ላይ ፀጉር በቀለ፤ እንክብሉም በየዕለቱ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ቀኑ፣ በግማሽ መጠን ሆነ። አልዳነም፤ ክረምት ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ መዳፉን መላስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ልጅቷ ጠርሙሷን ታነሳለች፣ አባትየው ደግሞ ስልካቸውን።