ምዕራብ ጎጃም፤ የዳሞትና የሜጫ ምድር፣ ታሪኩና ሀብቱ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ የተምጫን ወንዝ ተሻግሮ ደምበጫ ሲደርስ፣ በቀኝም በግራም ቀይ አፈር የለበሰ ሰፊ እርሻ ይቀበለዋል። ከደምበጫ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ቡሬ፣ ከቡሬ ወዲያ ደግሞ የአዊ ከተሞች እነ እንጅባራና ዳንግላ ይገኛሉ፤ እነዚህን ካለፈ በኋላ በዱርቤቴ በኩል መራዊ ይደርሳል። ከመራዊ እስከ ባሕር ዳር ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው ስለሚፈጥን ብዙ ሰው ይህን አገር በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። እኛ ግን ስለ ምድሩ አቀማመጥ፣ ስለ ሕዝቡ ታሪክና ስለ አኗኗሩ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንናገር እንወዳለን። ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት፣ የጎጃም ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስለ መኳንንቱ ብዙ ሲነገር መሬቱን ስላረሰው ሰው የሚነገረው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

«ምዕራብ ጎጃም» የሚለው የአስተዳደር ስም ረዥም ዕድሜ ያለው አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጎጃም አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ በአውራጃዎች ተከፍሎ ነበር፤ አሁን ከምንናገርለት ምድር የሚበዛው ክፍል የቆላ ደጋ ዳሞትና የባሕር ዳር አውራጃዎች ነበረ። ጠቅላይ ግዛቱ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ የተከፈለው በ1980 ዓ.ም. ነው። የአማራ ክልል ከተቋቋመ በኋላ ምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማው ፍኖተ ሰላም የሆነ ዞን ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ መራዊና አዴት ያሉበት ወገን ተለይቶ ሰሜን ጎጃም ተባለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ፣ ገና ሳይከፈል፣ የዞኑ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ በላይ ነበር። ስሙና ወሰኑ እንዲህ ቢለዋወጥም ባላገሩ ራሱን የሚጠራው እስከ ዛሬ ድረስ ዳሞቴ፣ ሜጬ፣ አቸፈሬ እያለ ነው።

የምድሩ አቀማመጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደ መሰላል ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። በደቡብ የዐባይ በረሃ አለ፤ ቆላው ሞቃት ሲሆን ሰዉ የሚሰፍረው በጥቂቱ ነው። ከበረሃው ሲወጡ የቡሬ፣ የወምበርማና የጃቢ ጠህናን ወይና ደጋ ይገኛል። ከዚያ በላይ የደጋ ዳሞት፣ የቋሪትና የሰከላ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሣሉ፤ በዚያ ያለው የአመዳሚት ተራራ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከነዚህ ተራራዎች ወደ ሰሜን ሲወርዱ ደግሞ ምድሩ እየተዘረጋ ሄዶ በሜጫና በአቸፈር ሜዳ አድርጎ ከጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ውሃውም እንደ ምድሩ ሁለት መንገድ አለው። ብር፣ ላህ፣ ተምጫና ፈጠም ወደ ደቡብ ወርደው ከዐባይ ይገናኛሉ፤ ግልገል ዐባይና የእርሱ ገባር የሆነው ቆጋ ግን ወደ ሰሜን ሄደው ጣናን ይመግባሉ። ስለዚህ በአንድ ተራራ በሁለቱ ጎን የወረደ ዝናብ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በተለያየ መንገድ ተጉዞ ተመልሶ በዐባይ በረሃ ይገናኛል ማለት ነው።

የግልገል ዐባይ ምንጭ በሰከላ፣ ግሽ ዐባይ በሚባለው ቦታ ነው። ምንጩ ትንሽ ነው፤ ዝናው ግን ባሕር ተሻግሯል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር መጥቶ አይቶታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ከቦታው ደርሶ፣ ከእርሱ በፊት ማንም አውሮፓዊ አላየውም ብሎ ለማሳመን በመጽሐፉ ብዙ ደከመ። ሁለቱ ፈረንጆች ቀድሜ አየሁ፣ አላየህም በሚባባሉበት ነገር፣ በምንጩ አጠገብ ተወልዶ በምንጩ አጠገብ የሚቀበረው የሰከላ ሰው አልተጠየቀም። ሆኖም ብሩስ ከጻፈው ውስጥ የሚጠቅመን አለ፤ በዚያ ዘመን የሰከላ ነዋሪ አገው እንደ ነበረና ምንጩን እጅግ ያከብር እንደ ነበረ፣ መሥዋዕትም ያቀርብለት እንደ ነበረ ከእርሱ እንረዳለን። ዛሬም ቦታው በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም የሚከበር ጠበል ነው።

የሕዝቡን አመጣጥ የሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው፣ ይህ ምድር የአያሌ ወገኖች መገናኛ መሆኑን ነው። ዳሞት የተባለው ጥንታዊ መንግሥት በመካከለኛው ዘመን የነበረው ከዐባይ ወዲያ ማዶ በደቡብ ነበረ፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል የሚያነሣው ንጉሥ ሞተለሚም የዚያ አገር ገዥ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሰሜን በተስፋፋ ጊዜ ከዳሞት ሰዎች ብዙዎቹ ዐባይን ተሻግረው በጎጃም ሰፈሩ፤ ስማቸውንም ይዘው መጡ። ጥቂት ዘግየት ብሎም የኦሮሞ ነገዶች ራሳቸው ወንዙን ተሻገሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስም ከእነርሱ ብዙዎችን በጎጃም አሰፈሯቸው። ሜጫ፣ ይልማና፣ ዴንሳ የሚሉት የወረዳ ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። እንግዲህ አሳዳጅ የነበረውና ተሳዳጅ የነበረው በአንድ ደጋ ጎረቤት ሆነው፣ ከነባሩ አገው ጋር ተጋብተው፣ ልጆቻቸው በአንድ ቋንቋ ቅኔ ተቀኙ። የጎንጅ የቅኔ ቤት ዝና ለአገሩ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ ብዙ አንቆይም።

ቡሬ የዳሞት ከተማ ሆና የቆየችው ለዐባይ መሻገሪያ በመቅረቧ ነው። ከዐባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በጎጃም አልፎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምፅዋ ይሄድ ነበር፤ ጨውና ጨርቅም በዚያው መንገድ ይመለስ ነበር። በምሥራቅ በኩል የባሶ ገበያ፣ በምዕራብ በኩል ቡሬ የዚህ ንግድ በሮች ነበሩ። ይህን በር የያዘ ገዥ ቀረጡን ይይዛል፤ ቀረጡን የያዘም ጠመንጃውን ይገዛል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ በጫኑ ጊዜ የከፋ ስም የተጨመረበት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1874 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በእምባቦ የተዋጉትም ከዐባይ ማዶ ያለውን አገር ማን ይገብረው በሚለው ጉዳይ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ፤ ከዚያ ወዲህ የደቡቡ ሀብት መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ሸዋ ዞረ። የቡሬ ገበያ መቀዝቀዝ የጀመረው በዚያ ቀን ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ የምንርቅ አይመስለንም።

በጠላት ወረራ ዘመን የዳሞት አርበኞች የሠሩት ሥራ ብዙ ስለ ሆነ እዚህ የምናነሣው አንዱን ብቻ ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዚህ ወገን ስመ ጥር የጦር አለቆች ነበሩ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም በገባ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሁለቱን ማስታረቅ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ገቡ። በዊንጌት የሚመራውና ጌዴዎን የተባለው ጦር ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሲሆን፣ በቡሬ ምሽግ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ብቻ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ዊንጌት ግን ጥቂቱን ሰው በሌሊት እያዘዋወረ ብዙ አስመሰለው፤ በድምፅ ማጉያ እየተጠሩ ከጠላት ጋር የነበሩት ያገር ልጆች ይከዱ ጀመር፤ አርበኞቹም መንገዱን ያዙ። ናታሌ በየካቲት ወር መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወጣ፤ በደምበጫ አቅራቢያም መንገድ ከዘጋው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ብርቱ ውጊያ አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው።

ከነፃነት በኋላ የመጣው ክርክር በጠመንጃ የሚጨረስ አልነበረም፤ ክርክሩ ስለ ርስት ነበር። የጎጃም ርስት በሌላ አገር እንዳለው የግል መሬት አይደለም። አንድ አቅኚ አባት ካቀናው ምድር፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ ዘሩን ቆጥሮ የሚደርስ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአራት በአምስት ቦታ ባለ ርስት ሊሆን፣ ከሁሉም ግን ጥቂት ሊያርስ ይችላል፤ የቀረውን በሙግት ይፈልገዋል። አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። ሥርዓቱ ሰውን በሙግት ያደክማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም መሬት አልባ ተወላጅ እንዳይኖር ያደርግ ነበር፤ ባላገሩም ከነፃ ሰውነቱ ለይቶ አያየውም ነበር።

መንግሥት መሬቱን ለመለካት ባሰበ ቁጥር ጎጃም የተነሣው ስለዚህ ነው። ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ጊዜ ተቃውሞ ተነሥቶ ልኬቱ ሳይፈጸም ቀረ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራትን አስቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብርን የሚያስከፍል አዋጅ ወጣ። በወረቀት ሲታይ ሕጉ ለደኻው የሚሻል ነበር፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል ያዝዛልና። ባላገሩ ግን ገማቹ ዛሬ እህሉን ከገመተ ነገ መሬቱን በገመድ ይለካል፣ የተለካ መሬትም ከዘመድ ወጥቶ ለሌላ ይሰጣል ብሎ ፈራ። በሹማምንቱ ላይ የነበረው ቅሬታም ተጨመረበት። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም አሉ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ የተከማቸው የግብር ዕዳም ተማረ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ገበሬው የሚፈራውን ነገር አስቀድመው ቢጠይቁት ኖሮ ደም ሳይፈስ ብዙው ነገር ሊቃለል ይችል ነበር ብለን እናምናለን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን በሕግ አስቀረው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል እንደ ገና ድልድል ተደረገ፤ «የቢሮክራሲና የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉ ሰዎች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለባለ ይዞታው የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል፤ ከሚስቱም ጋር ስማቸው አብሮ ይጻፋል። አሁን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ከአንድ ሄክታር የማትበልጥ መሬት ያለው አባት ለአራት ልጅ ምን ያወርሳል? ቀድሞ ድርሻዬ ብሎ የሚሟገት ጎልማሳ ዛሬ የሚሟገትበት ሳይኖረው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል።

ምድሩ በእህል ረገድ ከአገራችን ለም ቦታዎች አንዱ ነው። በቆሎ ይበልጣል፤ የተሻሻለው ዘር ከገባ ወዲህ የቡሬ፣ የወምበርማ፣ የጃቢ ጠህናንና የሜጫ ማሳ በክረምት የበቆሎ ደን ይመስላል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ኑግ በወይና ደጋው፣ ገብስና ድንች በደጋው ይበቅላሉ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬም በገበያ የታወቀ ነው። (ስለ ደምበጫ አረቄ ዝና አንባቢ ከእኛ የበለጠ ስለሚያውቅ አልጻፍንም።) ነገር ግን ብዙ ዝናብ ያለበት ቀይ አፈር በጊዜ ብዛት እየታጠበ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ አፈር ማዳበሪያ ቢጨመርበትም የሚገባውን ያህል አያበቅልም፤ ኖራ ያስፈልገዋል፤ ኖራውም ከባድ ስለ ሆነ ከፋብሪካ እስከ ማሳ ማድረሱ ለገበሬው ብርቱ ድካም ነው። ስለዚህ በሜጫ ብዙ ሰው ማሳውን ባሕር ዛፍ ተከለበት። ባሕር ዛፍ ጉልበት አይፈልግም፣ ማዳበሪያም አይጠይቅም፤ አጠናውም ገዢ አለው። ጎረቤቱ ግን ጥላውና ሥሩ እህሌን ጎዳው ብሎ እርሱም ይተክላል።

ከመራዊ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብ የዚህ ሁሉ ነገር መፈተኛ ነው። ከተማዋ ስሟ በግዕዝ መርዓዊ፣ ማለት ሙሽራ፣ ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል፤ ለሙሽራዋም ከተሰጣት ጥሎሽ ትልቁ ይህ ውሃ ነው። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝና 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተሠራ። ውሃው የተኛበት ቦታ የሰው እርሻና ግጦሽ ስለ ነበረ፣ ከዚያ የተነሡት ቤተ ሰቦች የከፈሉት ዋጋ ሊዘነጋ አይገባም። በአንጻሩ ግን፣ ከዚያ ቀደም ሰኔን ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ በጥርና በየካቲት ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች ማምረት ጀመረ፤ አቮካዶ የተከለም አለ። ከምንጩ ሥር ተቀምጦ ውሃው ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ብቻ ያይ ለነበረ ሕዝብ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ውሃው በተራ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ከቦዩ ራስ ያለው ብዙ ሲወስድ ከጫፍ ያለው ይጎድልበታል፤ የድሮው የርስት ሙግት በውሃ ተራ ሙግት ተተክቷል።

ቡሬም በበኩሏ የቀድሞ ስሟን እንደ ገና ለመያዝ ጀምራለች። በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቀውባታል። ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ዛሬም በቀድሞው የነጋዴ አቅጣጫ ዐባይን ይሻገራል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው የጦር መሣሪያ ግጭት መንገዱንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ገበያውንም ጎድቷል። የዘይት ፋብሪካ የሚጠብቀው ኑግና አኩሪ አተር ከገበሬው ጎተራ ተነሥቶ ቡሬ የሚደርሰው መንገዱ በተከፈተ ቀን ነው፤ ማዳበሪያውና ኖራውም ወደ ገበሬው የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።