ከአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በታች ስላለው የባቡር ዋሻ

ከጉለሌ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ሲያልፍ፥ ከእግሩ በታች የባቡር ሐዲድ መኖሩን ልብ አይልም። መንገዱ በላይ፥ ሐዲዱ በታች ነው። እንዲህ የሆነበት ታሪክ የቃል መጠበቅ ነገር ስላለበት ሊጻፍ ይገባዋል።

ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡርን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነውና እርሳቸው አላዩትም። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለገሃር ላይ ስለ ቆመም፥ ሽቅብ ወዳለው ወደ ሰሜኑ ሰፈር አልወጣም። ወደዚህ የቀረበው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው መስመር በመሬት ውስጥ እንዲያልፍ በታቀደ ጊዜ፥ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በዋሻው መንገድ ላይ ተገኘ።

እኒህ አባት አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ ጠላት ቢያስገድዳቸው እንቢ ብለው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉ ናቸው። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. ሐውልታቸው ከስፍራው በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ አዘነ። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ፈራ።

አንዳንዶች ይህን ፍርሃት ሥልጣኔን እንደ መጥላት ቈጠሩት። እኔ እንዲህ አልልም። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ፥ ውሉ ከጸና በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው! በለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ እንኳ ሮም ተወስዶ ስንት ዘመን ቆይቶ የመጣ ነው። ወራሪ የገባው ቃልና የገዛ ወገን የገባው ቃል አንድ አይደለም ቢባልም፥ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ በተስፋ ቃል ብቻ ባይረጋጋ ምን ይፈረድበታል? ባቡሩንም ቢሆን የጠላው አልነበረም፤ ሥራ በጀመረ ሰሞን ለመሳፈር የተጋፋው ይኸው ሕዝብ ነው።

ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በዚያው በ2008 ዓ.ም.፥ ከተነሣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፥ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ቃላቸውን ለጠበቁት ሹማምንት ምስጋና ይገባል።